የሯጭ ጫማ እና የሐምሌ ጭቃ

ሐምሌ ነው፤ ሽሮ ሜዳ፣ ከእንጦጦ በሚወርደው መንገድ ዳር። አንዲት የክለብ ሯጭ ከልምምድ ስትመለስ ሁለት ጥንድ ጫማ በፌስታል ይዛ ጫማ ሰፊው ዘንድ ትደርሳለች።



ጫማ ሰፊው፦ ነይ፣ በርጩማዋ ላይ አረፍ በይ። ዛሬም ጭቃውን ተሸክመሽው ነው የወረድሽው?

ሯጯ፦ ሌሊቱን ሲዘንብ ስላደረ ጫካው ውስጥ መሮጥ አልተቻለም፤ ስንንሸራተት ነው ያረፈድነው። ይኸኛው ጫማ የጓደኛዬ ነው፣ ሶሉ ከፊት ተላቅቋል። ይኸ ጭቃ የለበሰው ደግሞ የኔ ነው። የርሷን እንዲያጣብቁልኝ ነው የመጣሁት፤ የኔን ግን ከማጠቤ በፊት ልጠይቅዎት ብዬ ነው።

ጫማ ሰፊው፦ እስኪ የጓደኛሽን ልየው። ይኸ አርጅቶ አይደለም የተላቀቀው። ጎማውን እዪው፣ ጥርሱ ገና አላለቀም። ከተገዛ ስንት ጊዜ ሆነው?

ሯጯ፦ ሦስት ወር ቢሆነው ነው።

ጫማ ሰፊው፦ እንዴት ነበር የምታጥበው?

ሯጯ፦ እንደ ሁላችንም ነዋ። ባልዲ ውስጥ ኦሞ በጥብጣ ትዘፈዝፈዋለች፣ ያድራል። ጠዋት በልብስ ብሩሽ ትፈትገዋለች፤ ነጩ ላይ በረኪና ጠብ ታደርግበታለች። ከዚያ ፀሐይ ካለ ቆርቆሮው ላይ፣ ከሌለ ከከሰል ምድጃው አጠገብ ታደርቀዋለች።

ጫማ ሰፊው፦ በቃ፣ ሁሉንም ነገርሽኝ። በክረምት እኔ ጋ የሚመጡት የስፖርት ጫማዎች ብዙዎቹ ታሪካቸው ይኸው ነው። ሩጫ አይደለም የጎዳቸው፣ አስተጣጠቡ ነው። ጭቃ ጫማን ያስቀይመዋል እንጂ ቶሎ አይገድለውም። ይኸን ለሯጭ ልጆች ሁሉ ብነግር ደስ ይለኝ ነበር፤ ምክንያቱም የጫማውን ዋጋ አውቀዋለሁ፣ ያለቻቸው አንድ ጥንድ እንደሆነችም አውቃለሁ።

ሯጯ፦ ቆይ ጋሼ፣ ውሃ እንዴት ሶል ያላቅቃል? ዝናብ ላይ ስንሮጥ እኮ ያው መርጠቡ አይቀርም።

ጫማ ሰፊው፦ በዝናብ አንድ ሰዓት መርጠብና ባልዲ ውስጥ ማደር አንድ አይደለም። ጫማሽን አምጪው። እዚህ ላይ ሦስት ነገር አለ፤ ላይ መረቡ፣ መሃል ስፖንጁ፣ ከሥር ጎማው። እኛ ድሮ የለመድነው የቆዳ ጫማ ዙሪያውን በክር ይሰፋ ነበር፤ ማጣበቂያው ቢደክም እንኳ ክሩ ይይዘዋል። ይኸ ግን ሦስቱም የተያያዙት በማጣበቂያ ብቻ ነው። ፋብሪካው ማጣበቂያውን ቀብቶ ካደረቀው በኋላ በሙቀት ያነቃዋል፣ ከዚያ በማሽን ይጫነዋል። ሙቀት ያያያዘውን ሙቀት መልሶ ያለሰልሰዋል። የጓደኛሽ ጫማ መጀመሪያ ሌሊቱን ሙሉ ሳሙና በበዛበት ውሃ ውስጥ ተኛ፤ ጠዋት ማጣበቂያው ደክሞ ሳለ እሳት አገኘው።

ሯጯ፦ ስፖንጁስ? እሱ ውሃ የሚጠጣ አይመስለኝም።

ጫማ ሰፊው፦ አዎ፣ ብዙም አይጠጣም። ውስጡ እርስ በርሳቸው የማይገናኙ ጥቃቅን የአየር ቋጠሮዎች ናቸው፤ ስትረግጪው የሚያነጥርሽ እሱ ነው። የስፖንጁ ጠላት ሙቀት ነው። ሲሞቅ ይኮማተራል፣ ቅርጹም ይጣመማል። ጎማው ደግሞ በዚያው ልክ አይኮማተርም። አንዱ አጥሮ ሌላው ባለበት ሲቀር መጋጠሚያቸው ይለቃል። ይኸው፣ የጓደኛሽን ጫማ ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስቀምጪው፤ አፍንጫው ወደ ላይ ቀና ብሏል አይደል? ምድጃው ያደረገው ነው። እሱን እኔም አልመልሰውም፤ ሶሉን ግን እሞክርለታለሁ።

ሯጯ፦ እሺ፣ እንግዲያው ከመጀመሪያው ይንገሩኝ። አሰልጣኛችን ጭቃው ሳይደርቅ ቶሎ አጽዱት ይለናል፤ እርስዎ ባለፈው ለአንዱ ልጅ ይድረቅ ሲሉት ሰምቻለሁ። የቱ ነው ልኩ?

ጫማ ሰፊው፦ አሰልጣኝሽ ለሶሉ ልክ ነው፤ ለመረቡ ግን እኔ ልክ ነኝ። ከልምምድ እንደወጣሽ ሁለቱን ሶሎች እርስ በርስ አጋጪያቸው፣ የቀረውን በእንጨት ስንጥር ከጎማው ጥርሶች መሃል አውጪው። ቢላዋ ወይም ሚስማር አትጠቀሚ፤ ጥርሶቹ መሃል ስፖንጁ ይጋለጣልና ይወጋል። መረቡ ላይ ያለውን ጭቃ ግን እርጥብ ሳለ አትንኪው። የጭቃ ቅንጣት እጅግ ደቃቅ ነው፤ እርጥቡን ስትፈትጊው በመረቡ ቀዳዳ እየገፋሽ ወደ ገበሩ ታስገቢዋለሽ። ከዚያ በኋላ ደጋግመሽ ብታጥቢውም ቀለሙ ከውስጥ ይወጣል።

ሯጯ፦ ሱሉልታ ስንሮጥ የሚይዘን ጥቁሩ ዋልካ ነው። እሱ እኮ ሲደርቅ ይብሱን ይጠነክራል።

ጫማ ሰፊው፦ ይጠነክራል፣ ግን ደግሞ ይሰነጠቃል። ዋልካ ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይጨማደዳል። በጋ ላይ ማሳው እግር እስኪያስገባ ሲሰነጣጠቅ አይተሽ የለ? ያው ጠባዩ ጫማሽ ላይ ያግዝሻል። ሙሉ በሙሉ ደርቆ መሰንጠቅ ሲጀምር ጫማውን በእጅሽ እጠፍ ዘርጋ አድርጊው፤ አብዛኛው እየተቀረፈ ይወድቃል። የቀረውን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ጠረግ ማድረግ ነው። ብዙ ቀን ከዚያ በላይ ምንም አያስፈልገውም።

ሯጯ፦ ውሃ ሳይነካው ማለት ነው?

ጫማ ሰፊው፦ ውሃ ሳይነካው። በየልምምዱ ጫማ ማጠብ የምትወዱት ነገር አይገባኝም። ጫማው ነጭ ሆኖ ቢታይ ሰዓትሽን አይቀንስልሽም። ደረቁን ጠርገሽ አልጠራ ሲል፣ ወይም ሽታ ሲያመጣ፣ ወይም ጭቃው ገበሩ ድረስ ገብቶ እግርሽን ሲፈገፍግሽ ያኔ ይታጠባል።

ሯጯ፦ እንዲያ ሲሆን እንዴት ልጠበው?

ጫማ ሰፊው፦ መጀመሪያ ማሰሪያውንና የውስጥ ሶሉን አውጪ። ማሰሪያውን ለብቻ ሳሙና ውሃ ውስጥ ዘፍዝፊው፤ እሱ ክር ነው፣ አይጎዳም። የውስጥ ሶሉን ግን አትዘፍዝፊው፤ በሳሙና ጨርቅ ጠርገሽ፣ በጨመቅሽው ጨርቅ መልሰሽ ጠርገሽ፣ ለብቻው አስጪው። ከተጣበቀ ደግሞ በግድ አትንቀይ። በተለይ የውድድር ጫማ ላይ ብዙ ጊዜ ተጣብቆ ነው የሚመጣው፤ ሲነቀል ከሥሩ ያለውን ይዞ ይነሳል። ከዚያ ሳፋ ውስጥ ትንሽ ውሃ አድርጊ፤ ቀዝቃዛ ወይም ለብ ያለ፣ እጅሽ ሙቅ ነው የማይለው። ላርጎ ካለሽ ጥቂት ጠብታ፣ ከዚያ አይብለጥ።

ሯጯ፦ ኦሞው ምን አደረገ?

ጫማ ሰፊው፦ የዱቄት ሳሙና ልብስ ላይ ጥሩ ነው፤ ልብስ ደጋግመሽ ታለቀልቂዋለሽ፣ ትጨምቂዋለሽ። ጫማ አይጨመቅም። ያልሟሟው ቅንጣት መረቡና ገበሩ መሃል ይቀራል፣ ሲደርቅ ጨርቁን ያገረዋል፣ እግርሽ ሲያልበው መልሶ ይሟሟና ቆዳሽን ይበላሻል። ፈሳሹም ቢሆን ከበዛ ያው ነው። የቀረ ሳሙና ሲደርቅ አቧራ ይስባል፤ አጥበሽው በሳምንቱ ከበፊቱ ይልቅ የሚቆሽሸው ለዚህ ነው። ሳሙና ሲበዛ ጽዳት የሚበዛ ይመስላችኋል፤ ጫማ ላይ ግን ብዙ ሳሙና ሁለተኛ ቆሻሻ ነው።

ሯጯ፦ ብሩሹስ?

ጫማ ሰፊው፦ ለመረቡ ያረጀ የጥርስ ብሩሽ። ጫፉን ብቻ አረፋው ውስጥ ነከር አድርገሽ በክብ በክብ፣ ሳትጫኚ። የልብስ ብሩሽ ለጎማው ብቻ ነው። እነዚህ አዳዲሶቹ ጫማዎች መረባቸው በጣም ስስ ነው፤ በጠንካራ ብሩሽ ሲፈተግ ክሩ ይነሳል፣ ከዚያ አውራ ጣትሽ ጋ ይቀደዳል። የስፖንጁን ጎን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊው፤ የጥርስ ሳሙና ብትጠቀሚ እዚያ ነጩ ጠርዝ ላይ ይሠራል፣ ስለሚፍቅ ግን መረቡ ላይ እንዳይደርስ። ከዚያ አረፋውን ለማንሣት ጫማውን ቧንቧ ሥር አትደግኚው። ንጹሕ ጨርቅ ውሃ ውስጥ እየነከርሽ፣ በደንብ እየጨመቅሽ ጥረጊ፤ ጨርቁ አረፋ ማውጣት እስኪያቆም ድረስ ደጋግሚው። አድካሚው ሥራ እሱ ነው፣ ሰው የሚዘለውም እሱን ነው።

ሯጯ፦ አሜሪካ ያለችው እህቴ ማሽን ውስጥ ነው የምትከተው። ምንም አልሆነም ትላለች።

ጫማ ሰፊው፦ ለእግር መንገድ የምታደርገው ጫማ ከሆነ ላይሆን ይችላል። ማሰሪያውንና የውስጥ ሶሉን አውጥታ፣ በቀዝቃዛ ውሃ፣ ቀስ ብሎ በሚዞረው ብታደርገው ጉዳቱ ይቀንሳል። ማድረቂያ ማሽን ውስጥ ግን በፍጹም። ብዙዎቹ አምራቾች ራሳቸው ለመሮጫ ጫማ ማሽን አይመክሩም። አሁን ደግሞ አንዳንዱ ጫማ ስፖንጁ መሃል የካርቦን ሳህን አለበት፤ እሱን ከበሮ ውስጥ እያንከባለሉ መምታት ምን ይባላል?

ሯጯ፦ ባለ ካርቦኑን ካነሱ አይቀር፣ ትዕግሥት አሰፋ በርሊን ላይ የሮጠችበትን ጫማ አይተውታል?

ጫማ ሰፊው፦ በቴሌቪዥን። ስትጨርስ ጫማዋን በእጇ ይዛ ከፍ ስታደርገው።

ሯጯ፦ እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ገብታ የዓለም ክብረ ወሰን ስትሰብር ያደረገችው የአዲዳስ አዲዜሮ አዲዮስ ፕሮ ኢቮ 1 ነው። አንዱ እግር 138 ግራም ነው የሚመዝነው። 500 ዶላር ነበር የተሸጠው፤ አምራቹም ራሱ ለአንድ ማራቶንና ከሱ በፊት እግር ለማለማመድ ያህል ነው የተሠራው ብሏል።

ጫማ ሰፊው፦ 138 ግራም! እንግዲህ አስቢው። ክብደቱ እንዲቀንስ ምን ተቀነሰ? ጨርቁ ሳሳ፣ ጎማው ሳሳ፣ ማጣበቂያውም በልክ ሆነ። ለመታጠብ የሚተርፍ ነገር አልተተወለትም። እንዲህ ያለውን ጫማ ያገኘ ሰው ከውድድር በኋላ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ፣ ወረቀት ጠቅጥቆ ማስቀመጥ ብቻ ነው ያለበት። ብሩሽም ሳሙናም አያሳየው። የልምምድ ጫማ ግን ወፍራም ነው፣ ይችላል፤ የነገርኩሽ ሁሉ ለሱ ነው።

ሯጯ፦ በረኪናውን አለፉት ጋሼ። ነጭ ጫማ ያለ በረኪና እንዴት ይነጣል?

ጫማ ሰፊው፦ አላለፍኩትም፤ ለሱ ረዘም ያለ ነገር አለኝ። በረኪና ጥጥ ያነጣል። የመሮጫ ጫማ መረብ ግን ጥጥ አይደለም፤ ፖሊስተርና ናይለን ነው፣ የሚለጠጠው ክፍሉ ደግሞ ላስቲክ የተቀላቀለበት ነው። ናይለኑንና ላስቲኩን በረኪና ያቢጫቸዋል፣ ጉልበታቸውንም ይጨርሰዋል። ነጭ ጫማ ታጥቦ ቢጫ ሆነብኝ ብለው ይዘውልኝ የሚመጡት ከዚህ የተነሳ ነው። እንደገና በረኪና ይጨምሩበታል፣ እንደገና ይቢጫል።

ሯጯ፦ የእንጦጦው ቀይ አፈር ግን እንዲሁ በላርጎ አይለቅም።

ጫማ ሰፊው፦ አይለቅም፤ እሱ ቀለም ነው። አፈሩን ያቀላው ብረት ነው፣ የብረት ዝገት። በረኪና ዝገት አያነጣም፤ እንዲያውም አጥብቆ ያስቀረዋል። የሚረዳው ጎምዛዛ ነገር ነው። ግማሽ ሎሚ ጭመቂና ውሃ ጨምረሽ አቅጥኚው፤ ቦታው ላይ ብቻ በጨርቅ ነካ ነካ አድርጊው፣ ጥቂት ደቂቃ ቆይተሽ በእርጥብ ጨርቅ አንሺው። መጀመሪያ ግን በማይታይ ቦታ፣ ምላሱ ሥር ሞክሪው፤ ቀለም ያለው ጫማ ከሆነ ሊያደበዝዘው ይችላል። ሙሉ በሙሉ ላይለቅ ይችላል። ያኔ ተይው። እንጦጦ ላይ የሮጠ ጫማ ትንሽ ቀላ ቢል ነውር የለበትም።

ሯጯ፦ በአቼቶስ? ቤት ውስጥ ከሎሚ ይልቅ አቼቶ አይጠፋም።

ጫማ ሰፊው፦ አቅጥነሽው ይሆናል። ግን ስሚኝ፣ ይኸን ለጓደኞችሽም ንገሪ፤ አቼቶም ሆነ ሎሚ ከበረኪና ጋር በጭራሽ አይገናኝ። አንዱ ሳይሠራ ሲቀር ሌላውን የሚደርብ ሰው አለ። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ጉሮሮና ሳንባ የሚያቃጥል መርዝ ነው። በተለይ እናንተ ኑሯችሁ በሳንባችሁ ነው። በክረምት በርና መስኮት ተዘግቶ በጠባብ ክፍል ውስጥ ጫማ ሲታጠብ ይኸን ማድረግ ለጫማ ሲሉ ሰው መጉዳት ነው።

ሯጯ፦ ይኸን አላውቅም ነበር፤ ዛሬውኑ እነግራቸዋለሁ። ነጩን ጠርዝ በቤንዚን የሚያጠሩም አሉ። ወዲያው ነው ነጭ የሚሆነው።

ጫማ ሰፊው፦ ወዲያው ነጭ ይሆናል፣ ቀስ ብሎም ይላቀቃል። እኔ ያረጀ ማስቲሽ ማንሣት ስፈልግ ምን የምጠቀም ይመስልሻል? ቤንዚን ነው። ማስቲሽ የሚያነሣ ነገር የፋብሪካውን ማጣበቂያ አይምረውም፤ ስፖንጁንም ያሳብጠዋል። አሴቶንም እንደዚያው ነው። መረቡ ላይ ነጭ ቀለም መቀባትም አልወድም። ከቆዳ ጫማ የተወሰደ ልማድ ነው። መረቡ ቀዳዳ የሆነው እግርሽ እንዲተነፍስ ነው፤ ቀለሙ ቀዳዳውን ይደፍነዋል፣ ላቡ መውጫ ያጣል፣ ሲታጠፍ ደግሞ ቀለሙ እየተሰነጠቀ ይረግፋል።

ሯጯ፦ እሺ፣ ታጠበ እንበል። አሁን ክረምት ነው፣ ፀሐይ የለም። ያለ ምድጃ እንዴት ይደርቃል?

ጫማ ሰፊው፦ ፀሐይ ቢኖርም አላስወጣሽም ነበር። ዋናው ጉዳይ ማድረቁ ነው፤ ከማጠቡ ይልቅ እሱ ላይ ብዙ ጫማ ይሞታል።

ሯጯ፦ ፀሐይዋ እኛ አገር ይብሳል እንኳ። ስለ ከፍታ ልምምድ ሲያስረዱን በየ1,000 ሜትሩ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል ብለውናል። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ እንጦጦማ ከ3,000 ያልፋል።

ጫማ ሰፊው፦ ቁጥሩን ከአንቺ ሰማሁ፤ ሥራውን ግን በየቀኑ አያለሁ። ቆርቆሮ ላይ የሰነበተ ጫማ ጎማው ይደርቃል፣ ይሰነጣጠቃል፤ ነጩ ስፖንጅ ይቢጫል። ቆርቆሮው ራሱ እኩለ ቀን ላይ እጅ አያስነካም፤ ጫማው ከላይም ከታችም ይጋገራል። ስለዚህ ጥላ ይሁን፣ ንፋስ ይኑረው። በረንዳ ላይ፣ ጣሪያ ባለበት። ከሰል አጠገብ አይሁን፤ ማድ ቤትም አይሁን፣ ጭሱ ገበሩ ውስጥ ይገባና አይለቅም። መጀመሪያ በደረቅ ፎጣ ከውጭም ከውስጥም እየተጫንሽ ውሃውን ምጠጪ። ከዚያ ወረቀት ጨምድደሽ እስከ አፍንጫው ድረስ ሙይው።

ሯጯ፦ ጋዜጣ ይሆናል?

ጫማ ሰፊው፦ ጥቁር ገበር ካለው ይሆናል። ነጭ ወይም ፈዛዛ ከሆነ ግን የጋዜጣው ቀለም ይለቅበታል፤ ባዶ ወረቀት ወይም ሶፍት ይሻላል። የሚረሳው ነገር ወረቀቱን መቀየር ነው። አንዴ ከጠቀጠቅሽው ውሃውን ይጠጣና ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ እርጥበቱን አቅፎ ነው የሚቀመጠው። መጀመሪያ ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ፣ ከዚያ ማታ፣ ከዚያ ጠዋት ለውጪው። ጫማውን በጎኑ አስተኚው እንጂ ሶሉ ላይ አታቁሚው፤ ከሥሩ ንፋስ አያገኝም። በማሰሪያው ገመድ ላይ መስቀልም ውሃውን ሁሉ አፍንጫው ላይ ያጠራቅመዋል።

ሯጯ፦ ነጭ ጫማ ላይ ሶፍት ጠቅልለው የሚያደርቁ አይቻለሁ። ልማድ ነው ወይስ ይሠራል?

ጫማ ሰፊው፦ ይሠራል። ጫማው ሲደርቅ በውስጡ የቀረው ሳሙናና ቆሻሻ ከውሃው ጋር ወደ ላይ ይወጣል፤ ውሃው ይተናል፣ ቆሻሻው ጨርቁ ላይ ቢጫ መስመር ሆኖ ይቀራል። ሶፍቱ ከተለጠፈበት ግን የመጨረሻው ላይኛ ሶፍቱ ነው፤ ቢጫው እሱ ላይ ይቀራል። ጫማው እርጥብ ሳለ ነጭ ሶፍት በደንብ አስጠግተሽ አልብሺው፤ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ አትላጪው። ቢጫው ከሳሙና የመጣ ከሆነ ያስወግደዋል፤ በረኪና ያቢጨውን ግን አይመልስም።

ሯጯ፦ ሽታውስ? እውነቱን ለመናገር ብዙዎቻችን የምናጥበው በጭቃው አይደለም፣ በሽታው ነው። አምስት ሆነን አንድ ክፍል ነው የምንኖረው።

ጫማ ሰፊው፦ ላብ ብቻውን ብዙም አይሸትም። ላቡን የሚበሉ ባክቴሪያዎች አሉ፤ ሽታው የነሱ ነው። እነሱ ደግሞ ያለ እርጥበት አይራቡም። ስለዚህ ሽቶ መንፋት ትርፉ ሁለት ሽታ ነው። ከልምምድ እንደገባሽ ጫማውን ቦርሳ ውስጥ አታስቀሪው፤ ማሰሪያውን ላላ አድርጊ፣ ምላሱን ወደ ውጭ ሳቢ፣ የውስጥ ሶሉን አውጥተሽ ለብቻው አቁሚ፣ ወረቀት ክተቺበት። ማታ ማታ ቤኪንግ ሶዳ ነስነስ አድርጊና ጠዋት አራግፊው። ሶዳውን ከአቼቶ ጋር መቀላቀል ግን ጥቅም የለውም፤ አረፋው ያምራል እንጂ አንዱ የሌላውን ኃይል ያጠፋዋል። ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስገባትም ባክቴሪያውን ያስተኛዋል እንጂ አይገድለውም።

ሯጯ፦ አሰልጣኛችን ሁለት ጫማ እያቀያየራችሁ ሩጡ ይላል። ልክ ነው፣ አንዱ እስኪደርቅ ሌላውን ማድረግ ይቻላል። ግን ማን ሁለት ጫማ አለው?

ጫማ ሰፊው፦ እሱን አውቃለሁ። ከሰልባጅም ሆነ ከትልልቆቹ አትሌቶች ያገኛችሁትን ጫማ በአንድ ቁጥር ጠቦም ሰፍቶም ስታደርጉት አይቻለሁ። እዚህ የመጣ አንድ ልጅ ከጓደኛው ጋር አንድ ጫማ በፈረቃ ያደርጉ ነበር፤ ጠዋት አንዱ፣ ከሰዓት ሌላው። እንዲህ ያለ ጫማ አንድም ቀን አይደርቅም። እነሱን ሁለተኛ ግዙ ማለት አልችልም። ግን ሁለተኛ የውስጥ ሶል ርካሽ ነው። የየራሳችሁን የውስጥ ሶልና ካልሲ ያዙ፤ ስትቀያየሩ ሶሉን አውጥታችሁ የራሳችሁን ክተቱ። እግር ላይ የሚወጣው ፈንገስም ከአንዱ ወደ ሌላው የመተላለፍ ዕድሉ ይቀንሳል። ከሁሉም በላይ ደግሞ እንዲህ ያለ ጫማ አይዘፍዘፍ፤ የሚደርቅበት ጊዜ የለውም።

ሯጯ፦ በደንብ ቢያዝ ስንት ጊዜ ያገለግላል?

ጫማ ሰፊው፦ እናንተው ናችሁ የምትቆጥሩት።

ሯጯ፦ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ይባላል። እንደ ሯጩ ክብደትና እንደ መንገዱ ይለያያል። እኛ በሳምንት ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ስለምንሮጥ ሁለት ወርም አይሞላው፤ ግን ማን በሁለት ወር ይጥላል?

ጫማ ሰፊው፦ እንግዲህ ጽዳት እዚያ ላይ አይረዳም። ስፖንጁ አንዴ ከተረገጠና ጎኑ ላይ የተጋደመ ሽብሽብ ካወጣ፣ ብታጥቢውም ብታነጪውም አይነሳም። አምሮ የታጠበ የሞተ ጫማ እዚህ ብዙ ይመጣል፤ ልጆቹ ጉልበቴንና ባቴን ያመኛል ይላሉ። ጫማውን ስታጸጂ አብረሽ እዪው። ሁለቱን ጠረጴዛ ላይ አቁመሽ ከኋላ ተመልከቺ፤ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ፣ ጎማው አንድ ቦታ ላይ ስፖንጁ እስኪታይ ካለቀ፣ ለረጅም ሩጫ አታድርጊው። ለእግር መንገድ ይሁንሽ። ያንቺው ግን እስካሁን ደህና ነው፤ ተረከዙ በቀኝ በኩል ትንሽ ተበልቷል እንጂ።

ሯጯ፦ የጓደኛዬን መቼ ልምጣ?

ጫማ ሰፊው፦ ማክሰኞ። አሁን ላጣብቀው አልችልም፤ ውስጡ ገና እርጥብ ነው፣ እርጥብ ላይ ማስቲሽ አይዝም። ነገ ሙሉ ቀን ይደርቃል። ከዚያ አሮጌውን ማጣበቂያ ፍቄ፣ በብርጭቆ ወረቀት ሻክር አድርጌ፣ በሁለቱም በኩል ማስቲሽ ቀብቼ፣ እጅ ላይ መጣበቅ ሲያቆም ነው የምገጥመው፤ ከዚያ ታስሮ ያድራል። እንደ ፋብሪካው እንዲሆን ግን አትጠብቂ። ይኸ ስፖንጅ ማስቲሽ በቀላሉ አይቀበልም፤ ፋብሪካው አስቀድሞ ፕራይመር ቀብቶ ነው የሚያዘጋጀው፣ እኔ ጋ እሱ የለም። ለቀላል ሩጫ ይሆናታል። ለፍጥነት ልምምድ እንዳታደርገው ንገሪያት፤ መታጠፊያ ላይ ከለቀቀ ቁርጭምጭሚቷን ይዞ ነው የሚሄደው።

ሯጯ፦ እነግራታለሁ። እንግዲያው እኔም ቤት ስገባ ሳፋውን አዘጋጅና ባሉኝ መንገድ አጥበዋለሁ።

ጫማ ሰፊው፦ ነገ ልምምድ አለሽ?

ሯጯ፦ አለኝ፣ ሰንዳፋ ኮሮኮንች ላይ። ረጅም ነው፤ መኪናው 11 ሰዓት ይነሳል።

ጫማ ሰፊው፦ ሌላ ጫማ አለሽ?

ሯጯ፦ የለኝም።

ጫማ ሰፊው፦ እንግዲያው ዛሬ አታጥቢው። በዚህ አየር ለነገ አይደርቅልሽም፤ እርጥብ ጫማ አድርገሽ ረጅም ከሮጥሽ እግርሽ ውሃ ይቋጥራል፣ ጫማውም ይሰፋል። ዛሬ ወረቀት ጠቅጥቀሽ በረንዳ ላይ አስተኚው፣ ማታ የደረቀውን ጭቃ ጠርገሽ አራግፊው፣ ጠዋት አድርጊው። የእረፍት ቀንሽ መቼ ነው?

ሯጯ፦ እሑድ።

ጫማ ሰፊው፦ ቅዳሜ ከልምምድ እንደተመለስሽ እጠቢው። እስከ ሰኞ ጠዋት ጊዜ አለው። ሰኞ እጅሽን እስከ አፍንጫው አስገብተሽ ዳብሺው፤ ቀዝቀዝ ካለሽ ገና ነው።